ተሿሚው ከዚህ በፊት ምን መርቷል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር የመጽሔታችሁ አንባቢ ነኝ። ባለቤቴ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለአሥራ ስድስት ዓመታት በቋሚነት ሲሠራ አምስት የበላይ ኃላፊዎች ተሹመው ሲመጡና ሲሄዱ አይቷል። በቅርቡ ወንድሜ እኛ ዘንድ መጥቶ ቡና ስንጠጣ የፒት ሄግሴት የመከላከያ ሚኒስትርነት ሹመት ተነሣና ክርክሩ ከአቦል እስከ በረካ ዘለቀ። ባለቤቴ ትልቅ መሥሪያ ቤት መርቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ተቋም ሊረከብ አይገባም ይላል። ወንድሜ ደግሞ የፖለቲካ ተሿሚ ሥራው አቅጣጫ ማሳየት ነው፣ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ከሥሩ ያሉት ባለሙያዎች ይሠሩታል፣ ዋናው የፕሬዚዳንቱ እምነት ነው ብሎ ሞገተ። የአሜሪካ ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ኃላፊነት የሥራ አመራር ልምድ ይጠይቃል ወይ? የማይጠይቅ ከሆነስ ሊጠይቅ ይገባ ነበር?

መልስ፦

ውድ አንባቢያችን፣ የጥያቄዎ የመጀመሪያ ክፍል አጭር መልስ አለው፤ ሕጉ በአብዛኛው አይጠይቅም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት ለመሆን 35 ዓመት፣ ሴናተር ለመሆን 30 ዓመት መሙላት እንደሚያስፈልግ ሲደነግግ፣ ስለ ሚኒስትሮችና ስለ ተቋማት ኃላፊዎች ግን በሁለተኛው አንቀጽ የሚናገረው ፕሬዚዳንቱ በዕጩነት እንዲያቀርባቸውና በሴኔቱ ምክርና ፈቃድ እንዲሾማቸው ብቻ ነው። ስለ ዕድሜያቸው፣ ስለ ትምህርታቸውም ሆነ ስለ ሥራ ልምዳቸው አንድም ቃል አልሰፈረም። አንድ አዲስ ፕሬዚዳንት ከሚሞላቸው አራት ሺህ ገደማ የፖለቲካ ሹመቶች መካከል የሴኔቱን ይሁንታ የሚሹት ከ1,200 ይበልጣሉ፤ ከእነዚህም ኮንግረሱ በሕግ መስፈርት ያስቀመጠላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ለፌዴራል መንግሥቱ የሚከራከረው የሕግ ባለሥልጣን ሕግ የተማረ መሆን አለበት። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሕግ መሠረት ትላልቅ ድርጅቶችን የማስተዳደር የተረጋገጠ ችሎታና የስታቲስቲክስ ሥራ ልምድ ያለው ሊሆን ይገባል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የአሜሪካ ቀኖችና ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመከላከያ ሚኒስትሩን የሚመለከተው ሕግ ግን ስለ አመራር ልምድ አያነሣም፤ የሚከለክለው ከመደበኛው ጦር መኮንንነት ከተሰናበተ ጥቂት ዓመታት ብቻ የሆነውን ሰው ነው። ዓላማውም ጦሩ በሲቪል ሰው እንዲመራ ማድረግ ሲሆን፣ ኮንግረሱ ይህንንም ገደብ ለጆርጅ ማርሻል በ1950፣ ለጄምስ ማቲስ በ2017፣ ለሎይድ ኦስቲን በ2021 አንሥቶላቸዋል።

ቤተሰብዎን ወዳከራከረው ጉዳይ ልመለስ። ሄግሴት የጦር መኮንን፣ ኋላም የቴሌቪዥን አቅራቢ የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ በአመራር ያሳለፉት ከቀድሞ ወታደሮች ጋር በሚሠሩ ሁለት አነስተኛ ድርጅቶች ውስጥ ነበር። ሊረከቡት የቀረበላቸው መሥሪያ ቤት ግን ወታደሩና ሲቪሉ ሲደመር ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አለበት። ጥር 14 ቀን 2025 በሴኔቱ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ፊት በቀረቡ ጊዜ ይኸው ልዩነት ደጋግሞ ተነሣባቸው፤ እርሳቸውም ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከነበሩት ሚኒስትሮች ጋር የሚመሳሰል የሕይወት ታሪክ እንደሌላቸው አምነው፣ የተሟላ ማስረጃ ይዘው የመጡት ሰዎች ግን ያመጡት ውጤት ይታይ፣ አሁን የሚያስፈልገው ጫማው ላይ የጦር ሜዳ አቧራ ያለበት ሰው ነው ሲሉ መለሱ። ከአሥር ቀን በኋላ ሦስት ሪፐብሊካን ሴናተሮች ተቃውመዋቸው ድምፁ 50 ለ50 ስለሆነ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄ.ዲ. ቫንስ ድምፃቸውን ጨምረው ሹመቱ 51 ለ50 ጸደቀ።

በዚያ ስብሰባ ላይ ጠያቂዎቹም መላሹም የያዙት ሚዛን አጥጋቢ አልመሰለኝም። ስንት ሰው አስተዳድረዋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን ሩቅ አያደርስም። ይህን የምልበትን ምክንያት የአንድ ተቋም ታሪክ ስለሚያስረዳልኝ በእርሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ተቋም፣ በተለምዶ ፌማ የሚባለው፣ በ1979 ሲቋቋም ሥራው አውሎ ነፋስ፣ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ክፍለ ግዛቶችን መርዳት ነበር። ለብዙ ዓመታት ግን ለምርጫ ዘመቻ ያገለገሉ ሰዎች በውለታ የሚመደቡበት ቤት ሆኖ ቆየ። በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን ሲያወድም እርዳታው ዘግይቶ በመድረሱ ተቋሙ ይፍረስ እስከማለት የደረሱ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ክሊንተን ጄምስ ሊ ዊትን ሾሙ። ልብ ይበሉ፤ ዊትም የፖለቲካ ተሿሚ ነበሩ፤ ከአርካንሳስ ጀምሮ ክሊንተንን የሚያውቁ፣ የክሊንተን ሰው ነበሩ። ነገር ግን የል በሚባለው ገጠራማ ካውንቲ በሕዝብ ተመርጠው አካባቢውን ያስተዳደሩ፣ ከ1988 ጀምሮም የክፍለ ግዛቱን የአደጋ ጊዜ ቢሮ የመሩ ነበሩ። በሥራ መጀመሪያቸው ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ ቆመው የሚገባውን ሠራተኛ እየጨበጡ ራሳቸውን አስተዋወቁ። ብዙም ሳይቆይ በ1993 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ መካከለኛውን ምዕራብ ሲያጥለቀልቀው፣ ሰዎች ወደዚያው ጎርፍ ወደሚበላው መሬት ተመልሰው እንዳይሠሩ መንግሥት ቤቶቹን እየገዛ ነዋሪዎቹን ወደ ከፍታ ቦታ የማዛወሩን ሥራ በሰፊው ሠሩበት። ቫልማየር የምትባለው የኢሊኖይ ከተማ እንዳለች ከወንዙ ዳር ተነሥታ ኮረብታ ላይ የተሠራችው ያኔ ነው። ስለዚህ ታማኝነትና ልምድ የግድ ተቃራኒ አይደሉም፤ ወንድምዎ የሚሉት የፕሬዚዳንቱ እምነትና ባለቤትዎ የሚሉት ልምድ በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

ከዊት በኋላ በ2001 ተቋሙን የተረከቡት የፕሬዚዳንት ቡሽ የምርጫ ዘመቻ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ጆ አልባው ናቸው። እርሳቸውም ወዳጃቸውን ማይክል ብራውንን በሕግ አማካሪነት አስገቡ። ብራውን ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ያህል የሠሩት የዓረብ ዝርያ ፈረሶች ባለቤቶችን በሚያሰባስብ ማኅበር ውስጥ፣ በፈረስ ውድድር ዳኞች ላይ በሚደረግ ቁጥጥር ነበር። በ2002 ሴኔቱ ምክትል ኃላፊ ሆነው እንዲሾሙ አጸደቀላቸው፤ በ2003 ተቋሙን ያዙት።

ነሐሴ 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ መታች። የኒው ኦርሊየንስ የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ተደርምሰው አብዛኛው ከተማ በውኃ ተዋጠ። ቤታቸው የሰመጠባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ከተማዋ ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ (ኮንቬንሽን ሴንተር) ሸሹ፤ ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ መድኃኒት ቀናት አለፉ። እናቶች ሕፃናት ታቅፈው በር ላይ ተቀምጠው፣ አረጋውያን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው አልፎ፣ ይህ ሁሉ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። መስከረም 1 ቀን ምሽት ብራውን በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ፌዴራል መንግሥቱ በአዳራሹ ስላሉት ሰዎች የሰማው ገና በዚያው ዕለት መሆኑን ተናገሩ። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ በአደባባይ አመሰገኗቸው፤ በአሥር ቀን ውስጥ ግን ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያ አደጋ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አልቋል።

ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ፌማ በ2003 በአዲሱ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር በመጠቃለሉ አቅሙ ተሸርሽሮ፣ ብዙ ነባር ባለሙያዎቹም ለቅቀው ነበር፤ የከተማውና የክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣናትም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም አገር በመስኮት የሚያየውን ነገር የተቋሙ የበላይ ለምን መጨረሻ ላይ ሰማው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ክፉ ወሬ በመሥሪያ ቤት ውስጥ በራሱ ወደ ላይ አይወጣም። የበታቹ ይፈራል፣ መካከለኛው ያለዝበዋል፣ ጸሐፊው ለነገ ያቆየዋል። ይህን በራሱ ላይ ደርሶበት የሚያውቅ ኃላፊ ወሬውን ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ራሱ ደውሎ፣ ራሱ ሄዶ ይፈልገዋል። የአመራር ልምድ ስል በዋናነት የማስበው ይህንን ነው፤ የሠራተኛው ብዛት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የሠራተኛ ብዛት ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ሮበርት ማክናማራን ማስታወስ ይቻላል። ከፎርድ ኩባንያ ፕሬዚዳንትነት ተነሥተው በ1961 መከላከያን ሲይዙ በአገሪቱ ካሉት ምርጥ ሥራ አስኪያጆች አንዱ ተብለው ነበር። በቁጥር የመምራት ችሎታቸው የበጀቱን አሠራር አሻሽሏል፤ በቬትናም ግን የሞተውን ጠላት ብዛት የድል መለኪያ ያደረገ ጦር ከሜዳ የሚልከው አኃዝ አሳሳታቸው። በ1995 ስህተት እንደነበር ራሳቸው በአደባባይ አምነዋል።

ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። በቡሽ ዘመን የዋይት ሀውስ የበጀት መሥሪያ ቤት የፌዴራል ፕሮግራሞችን በነጥብ ይመዝን ነበር። ዴቪድ ሉዊስ የተባሉት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር እነዚያን ነጥቦች ከየፕሮግራሙ ኃላፊ የሕይወት ታሪክ ጋር አነጻጽረው ሲያዩ፣ በፖለቲካ ተሿሚ የሚመሩት በቋሚ ሠራተኛ ከሚመሩት ያነሰ ውጤት አግኝተው ተገኙ። ተሿሚዎቹ በትምህርትና በግል ድርጅት አመራር ልምድ የሚበልጡ ሆነው ሳለ፣ ይህ ብልጫ ከፕሮግራሙ ውጤት ጋር ግንኙነት አልታየበትም፤ ግንኙነት የታየበት በዚያው መሥሪያ ቤት የተገኘ ልምድና በቦታው ላይ የመቆየት ርዝመት ነው። ባለቤትዎ በአሥራ ስድስት ዓመት አምስት ኃላፊ አየሁ ማለታቸው ከዚህ ጋር ሲታይ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውየው ፋይሉ የት እንዳለ ሲለይ ይሄዳል፤ ተተኪው እንደገና ከሀ ይጀምራል።

እዚህ ላይ በወጣትነቴ ያየሁትን ላንሣ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ስሠራ አዲስ ኃላፊ ተሾመልን። ንግግር አዋቂ፣ የተማረ፣ ከሁሉም በላይ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ነበር። ለገጠር ውኃ ጉድጓዶች የእጅ ፓምፕ ለመግዛት የወጣው ጨረታ በመጋቢት ተገምግሞ አሸናፊው ተለየና ፋይሉ ለፊርማ ወደ እርሱ ወጣ። ከሳምንታት በኋላ በገጹ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይጣራ» ተብሎ ተመለሰ። አጣርተን መለስነው። «ይጣራ» ተብሎ ተመለሰ። በግንቦት መጨረሻ ሦስተኛው «ይጣራ» መጣ፤ ከሁለተኛው የሚለየው ቀኑ ብቻ ነበር። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ተዘጋ፣ ገንዘቡ ሥራ ላይ ሳይውል ወደ መንግሥት ካዝና ተመለሰ፣ ፓምፖቹም ለዚያ ዓመት ቀሩ። ያ ሰው ሌባ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምንለው እናውቅ ነበር። የጎደለው ሌላ ነበር፤ የሚያሠጋ ፊርማ የቱ፣ የማያሠጋው የቱ እንደሆነ የሚነግረው ያለፈ ልምድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሁሉንም እኩል ፈራ። ያን ዓመት እንስራ አዝለው ሁለት ሰዓት ሲሄዱ የከረሙት ሴቶች ግን ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

የወንድምዎን ክርክር ከዚህ አኳያ ስመለከተው ግማሹን እቀበላለሁ። በምርጫ ያሸነፈ መንግሥት የራሱን ሰዎች የመሾም መብት አለው፤ ያለዚያ የሕዝቡ ድምፅ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይገባም። ባለሙያዎቹ ሥራውን ይሠሩታል የሚለው ግን ባለሙያ መወሰን የማይችለው ነገር እንዳለ ይዘነጋል። ፓምፑን መርጠን ያስቀመጥነው እኛ ባለሙያዎቹ ነበርን፤ መፈረም ግን አንችልም ነበር። በጀት ተከራክሮ የሚያመጣ፣ በሌሎች ሚኒስትሮች ፊት ለመሥሪያ ቤቱ የሚቆም፣ ሁለት ባለሙያዎች ሲለያዩ የሚቆርጥ፣ ሲጠፋ የሚጠየቅ የበላዩ ነው።

በሕግ ይደንገግ ወይ ላሉት፣ ስህተቱ በቀናት ውስጥ ሰው በሚገድልባቸው ተቋማት ላይ አዎን እላለሁ፤ ኮንግረሱም ከካትሪና በኋላ በጥቅምት 2006 በጸናው ሕግ ይህንኑ አድርጓል። የፌማ ኃላፊ የሚሆነው ሰው በአደጋ ጊዜ አስተዳደርና በአገር ውስጥ ደኅንነት የተረጋገጠ ችሎታና ዕውቀት፣ እንዲሁም በመንግሥት ወይም በግል ዘርፍ ቢያንስ አምስት ዓመት የከፍተኛ አመራር ልምድ ሊኖረው እንደሚገባ ተደነገገ። ፕሬዚዳንት ቡሽ ሲፈርሙ፣ መስፈርቱ ለቦታው የሚመጥኑ ብዙ ሰዎችን እንደሚያስቀርና ከመሾም ሥልጣናቸው ጋር እንደማይጋጭ አድርገው እንደሚተረጉሙት በጽሑፍ አሰፈሩ። ክርክሩ አዲስ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1926 በማየርስ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ኮንግረሱ መስፈርት ማውጣት እንደሚችል፣ ነገር ግን መስፈርቱ ጠብቦ ጠብቦ ኮንግረሱ ራሱ ሰውየውን የመረጠ ያህል እንዳይሆን አመልክቷል። ለሁሉም ሹመት መስፈርት ይውጣ ማለት ስለዚህ አያስኬድም፤ ለተመረጡት ግን መንገዱ ክፍት ነው።

በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቶቹ አባላት ውጭ ሚኒስትር ሲያቀርብ ሰውየው ለሥራው ብቃት ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ብቃት ማለት ምን እንደሆነ ግን አልተዘረዘረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለን ሕዝብ ዘንድ ይህ ክፍተት ለሹመት የቀረበውን ሰው አገባብ በጥንቃቄ ለማየት ምክንያት ይመስለኛል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦

በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ሌላ አንባቢ ደግሞ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ልምድ ልምድ ሲባል የውጭ ሰው ለዘላለም እንዳይገባ በር መዝጋት አይሆንም ወይ? ደግሞስ መስፈርቱ በሕግ ቢጻፍ የሚከበር ይመስልዎታል?»

መልስ፦

ለመጀመሪያው ጥያቄ ጄምስ ዌብ መልስ ይሆኑናል። በ1961 ኬኔዲ የጠፈር ምርምር ተቋሙን ናሳን እንዲመሩ ሲጠይቋቸው፣ እኔ የሕግ ሰው ነኝ፣ ይህ የሳይንቲስት ቦታ ነው ብለው ለመቀበል አንገራግረው ነበር። ለሮኬት የውጭ ሰው ነበሩ፤ ለመንግሥት ሥራ ግን አልነበሩም፤ በትሩማን ዘመን የበጀት ቢሮውን መርተዋል፣ የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትርም ሆነዋል። ሥራውን ሲቀበሉ ሳይንቲስቱ ሂዩ ድራይደን በምክትልነት እንዲቀጥሉ አደረጉ። በጥር 1967 የአፖሎ መንኮራኩር በሙከራ ላይ ተቃጥላ ሦስት ጠፈርተኞች ሲሞቱ ኮንግረስ ፊት ቀርበው የተጠየቁት እርሳቸው ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ሰው ጨረቃ ላይ አረፈ። ስለዚህ ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው ይግባ፤ የማያውቀውን የሚያውቅ ምክትል ይዞ ይግባ፤ የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ ሥራ ግን አስቀድሞ በእጁ ያለፈ ይሁን።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ያሳስበኛል። የፌማው መስፈርት የሚጠየቀው ፕሬዚዳንቱ ሰው በዕጩነት ሲያቀርብና ሴኔቱ ሲያጸድቅ ነው። ዕጩ ካልቀረበስ? በ2025 ተቋሙን በተከታታይ ከያዙት መካከል ሁለቱ የቦታውን ተግባር እንዲያከናውኑ የተመደቡ እንጂ ሴኔቱ ለዚያ ቦታ ያጸደቃቸው አልነበሩም። የመጀመሪያው ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ፌማ መፍረስ የለበትም ብሎ በተናገረ ማግስት ተነሣ፤ የተተካው የቀድሞ የማሪን ጦር መኮንን ከዚያ በፊት በአደጋ ጊዜ አስተዳደር ሥራ ያላለፈ ሲሆን በኅዳር ወር ለቀቀ። የአምስት ዓመቱ ልምድ ሕጉ ውስጥ እንደተጻፈ አለ፤ በተጠባባቂነት በኩል ግን ታልፏል። ለሴናተሮቻችሁ ደብዳቤ የምትጽፉ አንባቢያን ካላችሁ፣ ስለ ዕጩው ከምትጠይቁት ጋር፣ ቦታው ሳይሞላ ሲቆይ ተጠባባቂ የሚሆነው ሰው ለምን በዚያው መስፈርት እንደማይመዘን አብራችሁ ጠይቁልን።